ጭስ ያጣው ጣራ

የእንቁ ቤት ጠዋት ጠዋት ይተነፍስ ነበር። ጭስ መውጫ አልነበረውም። ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ እየተሹለከለከ ከጣራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሲጋልብ ውሎ እንደ ገባ ፈረስ ጀርባ በብርዱ ውስጥ እንፋሎት ይለብሳል። ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚኒባስ የሚሄድ መንገደኛ በመስኮት ቀና ብሎ ቢያይ፣ ከቀርከሃው ጫካ በላይ ጉብታው ላይ አንድ ክብ ቤት ከእንቅልፉ ሲነቃ ያያል።

ከዚያ ቤቱ መተንፈስ አቆመ። ይህ የሆነው እንቁ በደንብ መተንፈስ በጀመረችበት ዓመት ነው።

እንቁ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከጥሊሊ በኩል ስትዳር ባሏ ደርበው ቤቱን ሠርቶ ጨርሶ ጠበቃት። ደርበው የቀርከሃ ሠሪ ነበር፤ ወንበር፣ አልጋ፣ የበረት በር፣ የንብ ቀፎ፣ ሰው የጠየቀውን ሁሉ ይሠራል። ቤቱን ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ ከባልንጀራው ከአየነው ጋር ሆኖ፣ ለሁለት ወር ሌላ ሥራ ትቶ ነው የሠራው። ግድግዳው የተጎነጎነ ቀርከሃ ነው፣ በጭቃ የተመረገ። የጣራው ወራጆችም ቀርከሃ ናቸው፤ ከዙሪያው ተነሥተው መካከል ላይ ከምሰሶው ጫፍ ይገናኛሉ። እንቁ በመጀመሪያዋ ጠዋት በጀርባዋ ተኝታ ቀና ብላ ስታይ፣ ትልቅ ቅርጫት ተደፍቶባት ከሥሩ የተኛች መሰላት። ፍርሃት አልነበረም። የሆነ ሰው እንዳትጠፋበት ደብቆ ያስቀመጣት ዓይነት ስሜት ነበር።

እሳቱን አማቷ አመጣችላት፣ ከራሷ ምድጃ ፍም በገል ይዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እሳት ጠፍቶ አያውቅም። ማታ በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ሲነጋ አመዱን ገለጥ ታደርግና ትንሽ ቀይ ዓይን ያያታል። ሦስት ልጆች በዚያ እሳት ዳር ተወለዱ፤ ሁለቱ እዚያው ዳር ታመው ሞቱ፤ አንዷ፣ ምሥራቅ፣ በዚያው ብርሃን ተምራ እንጅባራ ከተማ መሥሪያ ቤት ገባች።

እሳቱ ለቤቱ ሰዎች ብቻ አልነበረም። ደርበው ጥሬ ቀርከሃ ሲያመጣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ይደረድረዋል፤ ማገላበጡ የእንቁ ሥራ ነው። ጭስ ያልጠገበ ቀርከሃ በዓመቱ ነቀዝ ይገባዋል። ጭስ የጠገበ ግን ቀለሙ የማር ይሆናል፣ ከገዢው ዕድሜ በላይም ይቆያል። መጥገቡን በጥፍሯ መታ አድርጋ በድምፁ ታውቃለች። ደርበው ለገበያተኛ ሁሉ ይህን ይናገር ነበር፦ «እኔ እቆርጣለሁ እንጂ ዕድሜውን የምትሰጠው እሷ ናት።»

ደርበው የሞተው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሲስል ከረመ፣ ከዚያ ክረምቱ መሀል ላይ አለቀ። ብርድ መታው አሉ። እንቁም ብርድ ነው ብላ ቀበረችው።

ከዚያ ሳሉ ወደ እሷ መጣ። መጀመሪያ ጠዋት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ዳገት ስትወጣ። ቀጥሎ ቁጭ ባለችበት። ደረቷ ውስጥ አንድ በደንብ ያልተዘጋ በር በነፋስ የሚንቋቋ ይመስል ነበር። ምሥራቅ በባጃጅ ጭና ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ባለሙያዋ ወጣት ነበረች፤ ደረቷን ፊትና ኋላ አዳምጣ «እናቴ፣ ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰው የለም» አለች እንቁ። «ቤቱ ራሱ ነው የሚያጨሰው። እኔ አብሬው እቀመጣለሁ።»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ከጭስ ካልራቁ የምሰጥዎት መድኃኒት አይረዳዎትም» አለች።

ምሥራቅ ሁለት ሳምንት ቆይታ ሀብቱ የሚባል ግንበኛ ይዛ መጣች። ሀብቱ ባዮጋዝ ይሠራል፤ ከእበት እሳት የሚያወጣ ጉድጓድ። ግቢውን ዞሮ አየ፣ አፈሩን በአካፋ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ በረቱን አሻግሮ እያየ፣

«እናቴ፣ ከብትዎ ስንት ነው?» አለ።

«አራት። ምን ልታደርጋቸው?»

«እነሱን ምንም። እኔ የምፈልገው እበታቸውን ነው።»

«ይኸው ይህን ያህል ዘመን ኖርኩ፣ እበት ፍለጋ ደጄን የመታ ወንድ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ጋብቻ የመጣሁ መስሎዎት ነበር?»

«ለጋብቻማ ከሆነ አካፋ ይዘህ አትመጣም» አለች፣ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነና ምሥራቅ ጀርባዋን ያዘቻት። ሀብቱም ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ቁፋሮውን ጀመረ።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ተገንብቶ፣ በእበትና በውሃ ተሞልቶ፣ ታፍኖ ቆይቶ፣ ኅዳር ላይ ሀብቱ ቱቦውን በግድግዳው አሳልፎ ቤት ውስጥ ካስቀመጠው የብረት ምድጃ ጋር አገናኘው። ክብሪት ጫረ። እሳቱ ሰማያዊ ነበር! እንቁ እንደዚያ ያለ ሰማያዊ ያየችው ዘንገና ሐይቅ ላይ ነው፣ ከሩፋኤል ዝናብ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ። ጭስ የለውም። አመድ የለውም። ቀስ ያለ ትንፋሽ ብቻ አለው፣ የተኛ ሕፃን ዓይነት። ጎንበስ ብላ ከሥሩ እንጨቱን ፈለገች። ከዚያ ወጥታ ወደ በረቱ ሄዳ የትልቋን ላም ግንባር እያሻሸች በአውኚ ቋንቋ አንድ ነገር አለቻት፤ ምን እንዳለቻት ለምሥራቅም አልነገረችም።

ያን ሳምንት ነው ስህተቱን የሠራችው።

ጎረቤቱ አዲሱን እሳት ለማየት ይመጣል፤ ከቀበሌም ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። ቤቱ ግን እንዴት ይታያል? ጣራው ከውስጥ ጥቁር ነው። ጥቀርሻው እንደ ጠቆረ ጥጥ ተንጠልጥሏል። እንቁ ዕድሜዋን ሙሉ ንጹሕ ሴት ናት፤ ሰማያዊ እሳት ባለበት ቤት ጥቀርሻ ተንጠልጥሎ መታየቱን አፈረችበት። ረጅም ቀርከሃ ላይ መጥረጊያ አሰረች። ነጠላዋን በአፍና በአፍንጫዋ ጠምጥማ ጣራውን በሙሉ ጠረገች። አልበቃትም፤ መሰላል አስቁማ ወራጆቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች። ሦስት ቀን ፈጀባት። ሲያልቅ፣ ጥቀርሻቸው አልለቅ ካለ ከአራት ወራጆች በቀር፣ የደርበው ቀርከሃ ሁሉ ማር መሰለ። ቁጭ ብላ ቀና ብላ አየችው፤ የሙሽርነቷ ቅርጫት ተመለሰላት።

በሦስተኛው ቀን ማምሻ ላይ የመጨረሻውን ፍም በገል አድርጋ ወደ አየነው ቤት ወሰደችው። አየነው ከእሷ አሥር ዓመት ይበልጣል፤ ዛሬም ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ቅርጫት ይጎነጉናል።

«እሳትሽን ልታጠፊው ነው?» አለ፣ ገሉን እያየ።

«አላጠፋውም አያ አየነው። እርስዎ ዘንድ ላሳድረው ነው።»

«እንግዳ ነው በይኛ።»

«እንግዳ ነው። እህል ውሃ አይፈልግም፣ እንጨት ብቻ ይበላል።»

አየነው ገሉን ተቀብሎ ገባ። የራሱን ምድጃ ገለጥ አድርጎ የደርበውን ፍም ከራሱ ፍም ጋር ቀላቀለው። እንቁ ወደ ቤቷ ተመልሳ ሦስቱን ጉልቻዎች አንድ በአንድ አንከባልላ ከደጁ አወጣች።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ዳገቱን ሳታርፍ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። በደረቷ ውስጥ ሲንቋቋ የነበረው በር ተዘጋ። ብርዱ ብቻ ነው ያላሰበችው። ሰማያዊው እሳት ድስቱን ያሞቃል እንጂ ቤቱን አያሞቅም፤ ወጡ ሲበስል ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ፍም አይተውም። ታኅሣሥ ላይ ጉድጓዱ ራሱ በብርዱ ሰነፈና እሳቱ ጣት የማታክል ሆነ። እንቁ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ ምድጃው በነበረበት ቦታ፣ ምንም በሌለበት ዙሪያ ቁጭ ትላለች። ሰውነቷ ቦታውን ያውቃል። እጇን ሳታስበው ትዘረጋለች፣ ከዚያ ትመልሳለች።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ጠዋት ጋቢዋ ላይ ነጭ ዱቄት አየች። ትናንት ከወፍጮ ዱቄት ስላመጣች ከዚያ ነው ብላ አራገፈችው። በማግስቱ በወተቱ ላይ ተንሳፈፈ። በሦስተኛው ቀን ጣቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው። እህል እህል አይልም። ቀና አለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ በጸጥታው ውስጥ ከጣራው አንድ ሰው በሩቅ ቆሎ የሚቆረጥም የመሰለ ድምፅ ይሰማል።

ገባት። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ወደ አርባ ዓመት የሰውን ቀርከሃ በጭስ ስታጠግብ ኖራለች። አንዱም ነቅዞ ተመልሶ አያውቅም። ጣራዋም ቀርከሃ መሆኑን፣ እሱም በየቀኑ ከዚያው ጭስ ሲመገብ መኖሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። ጭሱን ከለከለችው። አልበቃት ብሎ የለበሰውን ጥቀርሻ በገዛ እጇ ገፍፋ፣ አጥባ፣ ራቁቱን ለነቀዙ ሰጠችው። የደርበው ሚስት! ሌላ ሰው ቢሠራው ትስቅበት ነበር።

ለማንም ሳትናገር ሁለት ወር ቆየች። ዱቄቱን በየጠዋቱ እየጠረገች በጎመኑ ሥር ትደፋዋለች። ጥር ላይ ግን አንድ ወራጅ ከሰሜን በኩል ተሰንጥቆ ሲጎብጥ አየነውን ጠራችው።

አየነው በትሩን ይዞ ቤቱን ከውስጥ ዞረው። በየወራጁ ሥር እየቆመ መታ ያደርጋል፤ ጆሮውን ያዘነብላል። እንቁ ከበሩ አጠገብ ቆማ አብራው ታዳምጣለች። እሱ ሳይናገር እሷም ታውቃለች፦ ይሄ ደህና፣ ይሄ ባዶ፣ ይሄ ባዶ፣ ይሄ ገና። ሰው የገዛ ባሏን ሬሳ ሲገንዝላት የምታይ መሰለች።

«ስንት ነው?» አለች።

«አንቺስ ስንት ሰማሽ?»

«ዘጠኝ ባዶ።»

«እኔ አሥራ አንድ። ጆሮሽ አዝኖልሻል» አለ አየነው። ከዚያ ተቀመጠ። «ሁለት ወር እርጥብ እንጨት ቢጨስበት ነቀዙ ያቆም ይሆናል። ባዶዎቹን እቀይራቸዋለሁ። ካልጨሰ ግን ክረምቱን አይሻገርም። አንቺ ተኝተሽ ይወርድብሻል።»

«ይጨሳላ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ውጭ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ አየነው ፍሙን በገል መለሰላት። ጉልቻዎቹ ገቡ። ከብቶቹ ከበረት ሲወጡ እንቁም ሁለት ጋቢዋን ደርባ ወጣች፤ ከግቢው ሾላ ሥር ተቀመጠች። አየነው እርጥብ እንጨቱን ከመረው። ትንሽ ቆይቶ ከሣሩ ክዳን፣ መጀመሪያ ከአንድ ጥግ፣ ከዚያ ከዙሪያው ሁሉ፣ ጭሱ ወጣ። ቤቱ ተነፈሰ። እንቁ ቀና ብላ አየችው። መንገደኛ ሆና፣ ከሩቅ ሆና፣ ቤቷን ያየችው ያን ቀን ነው፤ እንደዚያ ያምር እንደነበር የነገራት ሰው አልነበረም።

ግን እርጥብ እንጨት ሰው ይፈልጋል። ካልቆሰቆሱት ይጠፋል፤ ከለቀቁት ደግሞ ይነድና የሣሩን ጣራ ይበላል። አየነው እስከ እኩለ ቀን ይቆያል፤ ከዚያ የራሱ ከብት አለው። እንቁ ለአንዴ ብቻ ብላ ገባች። ትንፋሿን ይዛ፣ ቆስቁሳ፣ ወጣች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትገባ መቁጠር ተወች። ዱቄቱ ቀንሶ ነበር። በየማታው ጋቢዋን አራግፋ ታየዋለች፤ ዱቄቱ ሲቀንስ ሳሉ ይጨምራል፤ እሷ ግን የዱቄቱን ብቻ ነበር የምትመለከተው። ምሥራቅ ስትደውል ኔትወርኩን ታማርራለች፣ ድምፄ የጎረነነው ከእሱ ነው ትላታለች።

የካቲት አጋማሽ ላይ አየነው የረሳውን በትር ሊወስድ ቢመለስ እንቁን ደፍ ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኛት። ግማሽ አካሏ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነው። ጎትቶ አወጣት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሰው ተጠርቶ በቃሬዛ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረሰች። አምስት ቀን ተኛች።

በስድስተኛው ቀን ምሥራቅ ይዛት መጣች። አየነው በእንቁ ደጅ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። እንቁ ከባጃጁ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ጣራውን ነው። አይተነፍስም።

«እሳቱን አጠፉት?» አለች።

«አጠፋሁት።»

«አያ አየነው! ገና አንድ ወር ይቀረዋል እኮ!»

«እማ፣ በቃ!» ምሥራቅ ጮኸች። «ለቀርከሃ ብለሽ ልትሞቺ ነው? ቆርቆሮ እሠራልሻለሁ አልኩሽ፤ አራት ማዕዘን፣ መስኮት ያለው…»

«ቆርቆሮሽን እዚያው እንጅባራ ሥሪው። ይሄ የአባትሽ ቤት ነው። ከሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው አድነዋለሁ።»

ምሥራቅ ዞር ብላ እንባዋን ጠረገች። አየነው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በበትሩ ሲጭር ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል ተናገረ።

«እንቁ፣ ደርበውን ምን የገደለው ይመስልሻል?»

«ብርድ ነዋ።»

«በዚህ ቤት ውስጥ ብርድ የት ነበር?»

እንቁ ወደ በሩ ዞረች። አርባ ዓመት በፍም የሞቀውን ቤት አየችው። በሚስልበት ሌሊት ሁሉ እንዲሞቀው ብላ ወደ እሳቱ ስታስጠጋው፣ እንጨት ስትጨምርለት፣ ጭሱ ሲበዛ ጀርባውን ስታሻሸው ታያት። ባሏ ከቀርከሃው ጋር ጭስ ሲጠግብ ኖሯል። እሷ ናት ያገላበጠችው።

ከብቶቹ ገቡ። ትልቋ ላም ቆማ አየቻቸውና ወደ በረቷ ሄደች።

«ይፍረስ» አለች እንቁ።

መጋቢት ላይ ደቦ ተጠራ። ሁለት ወር የፈጀው ቤት እስከ እኩለ ቀን ፈረሰ። ወንዶቹ ሣሩን ገፈፉት፤ ብርሃን በአንዴ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው መደብ ራቁቱን ታየ። ወራጆቹ ሲወርዱ ብዙዎቹ በሰው እጅ ውስጥ እየተሰበሩ ዱቄታቸው በነፋሱ ሄደ። አራቱ ብቻ፣ ከድሮው ምድጃ ልክ በላይ የነበሩት፣ እንደ ቀንድ ጠንክረው ወጡ። እሷ ስትወለውል ጥቀርሻቸው አልለቅ ብሏት የተወቻቸው ናቸው። አየነው ለይቶ አስቀመጣቸው።

«ምሥራቅ ለምትሠራልሽ አዲስ ቤት ይሆኑሻል» አለ።

«አዲሱ ቤት ጭስ የለው። ምን ይጠብቃቸዋል?»

አሰበና ተሸከማቸው። «እንግዲያው እኔ ዘንድ ይደሩ» አለ። ሲሸከም ሳል ያዘው። ረጅም፣ ከሥር የመጣ ሳል ነበር። እንቁ ያን ሳል ታውቀዋለች፤ ስንት ሌሊት ከጎኗ ተኝቷል። አየነው ግን አልዞረም፤ ወራጆቹን በትከሻው አመቻችቶ ወደ ራሱ ጭስ አቅጣጫ ሄደ።

ደቦው መብላት አለበት። ድንቹ ተልጧል፤ ምድጃ ግን የለም፣ ቤትም የለም። በባዶው ክብ መሬት ላይ የሀብቱ ቱቦ ብቻውን ቆሟል፤ ያለፈበት ግድግዳ ከዙሪያው ስለ ሄደ ከመሬት የበቀለ አንድ ቀጭን ነገር ይመስላል። እንቁ የብረቱን ምድጃ አገናኘችው፣ ክብሪት ጫረች። ነፋሱ አጠፋው። እንደገና ጫረች። ምሥራቅ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችላት፤ ሰማያዊው እሳት ተጋድሞ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ያዘ። ድስቱን ጣደችበት።

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። ምሰሶው የነበረበት ጉድጓድ ከፊቷ አለ። ከበላይዋ ምንም የለም፤ ሰማይ ብቻ፣ ትልቅና ቀዝቃዛ። ሳታስበው እጇን ወደ እሳቱ ዘረጋች፤ ሙቀት አልነበረውም፣ ነፋሱ ወስዶታል። ትንፋሽ ሳበች። ገባ። አስወጣችው። ወጣ። ደረቷ ውስጥ ምንም አልተንቋቋም። ደግማ ሳበች፤ ደርበው ያጣው፣ አየነውም እያጣው ያለው ትንፋሽ ሙሉ ሆኖ ገባላት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።